ቁራው የፈራው

ኢንዱማቲ ልትፈታው የተነሣችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የሞተችው እናቷ ለምን ፈረደችባት?

ፍርዱ በጓዳ የተሰጠ አይደለም። በቤልዋዲ፣ በክሪሽና ወንዝ ዳር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ፍርዱን ያመጣውም ቁራ ነው። በአማርኛ የቁራ መልእክተኛ የምንለው ሄዶ የሚቀረውን ነው። ቤልዋዲ ላይ ግን ከቁራ የበለጠ የታመነ መልእክተኛ የለም፤ ሙታን ያሉትን ለቋሚ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ሥሩ ያምራልና። ሰው ሲሞት ሬሳው ይቃጠላል፣ ነፍሱ ግን አትቃጠልም። አካል አጥታ፣ መንገዱ ጠፍቷት፣ በቤቷ ዙሪያ ትንከራተታለች። ስለዚህ ልጅ ለወላጁ አካል ይሠራለታል፤ የሚሠራውም በሩዝ ነው። በየቀኑ አንድ የሩዝ ድቡልቡል ይቀርባል። በመጀመሪያው ቀን ራሷ ይበጃል፣ በማግስቱ አንገቷና ትከሻዋ፣ ከዚያ ልቧ፣ እያለ እያለ እስከ እግሯ ጣት ይወርዳል። በዐሥረኛው ቀን አካሉ ይሞላና ነፍስ መጀመሪያ የሚሰማት ነገር ረሃብ ነው። እስቲ አስቡት! የወለደችህን እናት አንተ ደግሞ በተራህ በመዳፍህ አድቦልቡለህ ትወልዳታለህ፤ እሷም እንደ ማንኛውም ጨቅላ ስትወለድ ይርባታል። ያን ቀን ቁራ መጥቶ ሩዙን ከነካ፣ ነፍስ ጠግባ መንገዷን ያዘች ማለት ነው። ካልነካ ግን አንድ ያልተፈጸመ ምኞት ይዟታል። ያኔ ቋሚዎች ምኞቷን ይገምታሉ፣ እየተነሡም ቃል ይገቡላታል። ቁራው እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ለፍቅር የተከፈተ በር ነው። ችግሩ፣ በተከፈተ በር የሚገባው ፍቅር ብቻ አለመሆኑ ነው።

የኢንዱማቲ እናት ሱንዳራ ባይ የሞተችው ሙቀቱ በሚበረታበት ወር ነው። በዐሥረኛው ቀን የኢንዱማቲ ታላቅ ወንድም ዲንካር ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ሽርጥ አገልድሞ፣ ድቡልቡሉን በቅጠል ሳህን ላይ አድርጎ ከውሃው አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረው። ወንዶቹ ጥቂት ራቅ ብለው ቆሙ። ሴቶቹ ከደረጃው ጫፍ፣ ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ነበሩ፤ ወደ ታች መውረድ ወግ አይደለም። ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ ላይ ቁራዎች ተደርድረዋል። አንዱ ወረደ፤ ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር ብሎ፣ ራሱን አዘንብሎ አየና ተመልሶ በረረ።

«እማዬ፣ መታሰቢያሽን በየዓመቱ እናደርጋለን» አለ ዲንካር።

ቁራ የለም።

«ግቢው ውስጥ ያለው ቅዱስ ተክልሽ አይደርቅም። ውሃ አጠጣዋለሁ።»

ቁራ የለም።

«የልጄን ሠርግ አታስቢ፤ አንቺ እንደተመኘሽው እድራታለሁ።»

ድንጋዩ እንደ ምጣድ ግሎ ባዶ እግራቸውን የቆሙትን ያስጨፍራቸው ጀመር። «በሕይወቷ እንኳ እንዲህ አላስጠበቀችንም» አለ አንዱ የአጎት ልጅ በሹክሹክታ። «ኧረ ታስጠብቅ ነበር! መነጽሯ እስኪገኝ ስንቴ አውቶቡስ አምልጦናል» አለው ሌላው።

ካህኑ ጎፓል ጉሩጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዲንካር፣ ከቅዱሱ ሣር ቁራ እንሥራና ሩዙን እናስነካው። ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ሣሩንም ይዣለሁ።»

«የሣር ቁራ?» አለ ዲንካር። «ሰው ምን ይለኛል? ዲንካር እናቱን በሣር ሸኛት ይበሉኝ? የለም፤ እኔ ምን እንደያዛት አውቃለሁ።»

ጥቁር ጃንጥላውን አነሣና በየደረጃው ኳ ኳ እያደረገ ወደ ሴቶቹ ወጣ።

እዚህ ላይ ኢንዱማቲ ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ። ካራንጄ ወደሚባል መንደር ያሽዋንት ለሚባል ሰው ተድራ ነበር። ያሽዋንት ሲጠጣ ይመታል፤ ሳይጠጣም ይመታል። ግራ ጆሮዋ መስማት ያቆመው እዚያ ቤት ነው። አንድ ቀን በአንድ እጇ ጥቅል ልብስ፣ በሌላው ጆሮዋን ይዛ እናቷ ደጃፍ ቆመች። እናቷ ለምን መጣሽ አላለችም፤ ነገ ትመለሻለሽ ወይ አላለችም። «እጅሽን ታጠቢና ብይ» አለቻት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አብረው ኖሩ፤ ፓፓድ የሚባለውን ስስ የምስር ቂጣ እየዳመጡ፣ በሰገነቱ ላይ እያሰጡ፣ ለሱቆች እየሸጡ። እናት አልጋ ላይ ስትወድቅ ያነሣቻት፣ ያጠበቻት፣ በማንኪያ ያጎረሰቻት ኢንዱማቲ ናት። ዲንካር የሚኖረው ሩቅ ከተማ፣ ፑኔ ነው።

«ኢንዱ፣ ነይ» አላት።

«ምን ሆነ ዳዳ?» ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው። ደህናውን ጆሮዋን ወደሱ አዞረች።

«እማዬን የያዛት ያንቺ ነገር ነው። ልጇ ባሏን ጥላ ተቀምጣ እናት እንዴት ትረፍ? ‹ወደ ባሌ ቤት እመለሳለሁ› በያት።»

«እማዬ እንዲህ ብላ አታውቅም።»

«ባትልም ታስባለች። የማታስብ እናት አለች?»

«ፑኔ ሆነህ ያሰበችው ተሰማህ? እኔ እዚህ አብሬያት ተኝቼ ያልሰማሁትን?»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቋን በሳሪዋ ጫፍ አፈነች። የእናቷ እኅት ጎዳ ማውሺ ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም፤ አትከራከሪ።»

ዲንካር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለው ደግሞ የባሰ ነበር። «እናትሽ ተርባ ቆማለች፣ ኢንዱ። አካሏ ዛሬ ሞልቶ፣ ምግቡ ፊቷ ተቀምጦ፣ መብላት አቅቷት ቆማለች። አንቺ ስለ ኩራትሽ ታወሪያለሽ?»

ይህን ቃል ልትሸከመው አልቻለችም። የመጨረሻዎቹ ቀናት ትዝ አሏት፤ እናቷ አፏን ከፍታ ማንኪያውን ስትጠብቅ። «እመለሳለሁ» አለች። «እማዬ፣ እመለሳለሁ። ብይ።»

ቃሉ ከአፏ ሳይደርቅ አንድ ቁራ ከጣሪያው ተወርውሮ ወረደ፣ ድንጋዩ ላይ አረፈ፣ ምንቃሩን ሩዙ ውስጥ ሰነቀረ። ከታችም ከላይም «እሰይ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሴቶቹ እያለቀሱ ራሷን ዳሰሷት፤ የተባረክሽ ልጅ አሏት። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት በረዳት። ዓይኗ ቁራው ካረፈበት አቅጣጫ አልተነቀለም።

ዲንካር ክፉ ሰው ነበር ልል አልፈልግም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። ሴት ልጁን ለማጨት የመጡ ሰዎች «እኅትህ ለምን እናቷ ቤት ተቀመጠች?» ብለው ጠይቀውታል። ሴት ልጅ የሰው ሀብት ናት፣ ለባለቤቱ እስክትሰጥ ድረስ ብቻ የምትጠበቅ አደራ ናት ይባላል። ተመልሳ የመጣች ሴት ደግሞ ከቤቱ ሴቶች ሁሉ ላይ እንደ ጠቃጠቆ ትታያለች። እሱ የልጁን መንገድ መጥረጉ ነበር። የጠረገው ግን በእኅቱ ነው! ይህን ደግሞ በራሱ ስም ሳይሆን አፍ በሌላት እናቱ ስም አደረገው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። «እኔ እፈልጋለሁ፣ ተመለሺ» ቢላት ኖሮ «አልመለስም» ባለችው ነበር። ለሙት ግን ማን እምቢ ይላል?

ሐዘኑ ሲያበቃ ዲንካር መጥቶ የሚወስዳትን ቀን ቆርጦ ወደ ፑኔ ሄደ። ኢንዱማቲ ብቻዋን ተቀምጣ አሰበች። እንደማያምን ሰው አላሰበችም፤ እሷ ታምናለች። በየማለዳው ከማሽላ ቂጣዋ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለቁራ የምትጥል ሴት ናት። የሚያናድዳትም ማመኗ ነው። «ወይ እናቴ ጨክናብኛለች» አለች ለራሷ፤ «ወይ ቁራው ዋሽቷል፤ ወይም ደግሞ እኛ ያላየነው ነገር አለ።»

ስለዚህ ታይ ጀመር። በየማለዳው ልብስ የምታጥብ መስላ ወንዝ ዳር ትወርድና የሰዎችን ዐሥረኛ ቀን ትመለከታለች። ያየችው ነገር ይበልጥ አበሳጫት። አገር ያስለቀሰ አራጣ አበዳሪ ሲሞት ሩዙ መሬት ሳይነካ ቁራዎች ተሻሙለት። ዝንብ የማትገድል አንዲት አሮጊት ስትሞት ደግሞ ቤተሰቧ እስኪደክመው ቆመ። «ምን ኃጢአት ነበረባት ይሆን?» እያሉ ሲያሟት በጆሮዋ ሰማች። ሰው ሙቱን በቁራ ሲመዝን፣ ቁራውን የሚመዝን ግን አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከወንዙ አይደለም፤ ከራሷ ሰገነት ነው።

ጎዳ ማውሺ ልታግዛት መጥታ ፓፓዱን በጨርቅ ላይ ዘርግተዋል። ቁራዎቹ ከጎረቤት ጣሪያ ሆነው ያያሉ። «ጃንጥላውን አምጪ እንጂ!» አለች ማውሺ። «እነዚህ ሌቦች ሊመጡ ነው።»

ኢንዱማቲ ጃንጥላው ወደሚሰቀልበት ሚስማር ሄደች፤ የለም። ከበር ጀርባ ቆሞ አገኘችው። ዲንካር ያን ቀን ለፀሐዩ ወደ ወንዙ ይዞት ሄዶ ሲመለስ ከበሩ ጀርባ ጥሎታል። ጫፉ ላይ የወንዝ አሸዋ ደርቋል።

አሸዋውን በጣቷ ነካችው፤ እዚያው ቆመች።

ቤልዋዲ ውስጥ ፓፓድ የምታሰጣ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ጥቁር ጃንጥላ ጠቅለል አድርገሽ፣ ጨርቁን ላላ አድርገሽ መሃል ላይ ካቆምሽው ቁራ አይጠጋም። ጨርቁ በነፋስ ሲርገበገብ ክንፉ የተሰበረ የሞተ ቁራ ይመስለዋል፤ የወገኑ ሬሳ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቁራ አያርፍም። ለኢንዱማቲ ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ በዚሁ ጃንጥላ።

«ምን ገትሮ አቆመሽ?» አለች ማውሺ ከላይ።

«ማውሺ፣ ያን ቀን ቁራው እምቢ ሲል ይሄ ጃንጥላ የት ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ከዛፉ ሥር ከሰው ራስ ሌላ ምን ይታያል?»

ኢንዱማቲ ጃንጥላውን እንደያዘች ወደ ጉሩጂ ቤት ገሰገሰች። ጉሩጂ በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ጉሩጂ፣ ያን ቀን ይሄ ጃንጥላ የት ነበር የቆመው?»

«ከድንጋዩ ጎን፣ ከሩዙ አጠገብ» አሉ ሳያመነቱ። «ነፋሱ ሊጥለው ሲል ሥሩን በጠጠር ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ምነው?»

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለራሷም አልታወቃት። እስቲ ልብ በሉ! ፓፓድ የማያሰጡት ወንዶች ጃንጥላውን ያዩታል፣ ትርጉሙን ግን አያውቁም። ትርጉሙን የሚያውቁት ሴቶች ደግሞ አያዩትም፤ ከላይ ቁሙ ተብለዋልና። መሃል ላይ አንዲት እናት ትራባለች፤ አንዲት ልጅ ወደ ዱላ ትመለሳለች።

ዲንካር በቀጠረው ቀን በባጃጅ መጣ። ጉሩጂም ኢንዱማቲ ለምናቸው በሰገነቱ ተቀምጠው ነበር፤ ማውሺም አለች። ኢንዱማቲ የቅጠል ሳህን ላይ ሩዝ አስቀመጠች፤ ጃንጥላውን አጠገቡ አቆመች።

«ይሄ ምንድነው? ዕቃሽን አልጠቀለልሽም?» አለ ዲንካር።

«ቁጭ በል፣ ዳዳ። እይ።»

ቁራዎቹ ጮኹ፣ ዞሩ፣ ጣሪያ ቀየሩ። አንድም አልወረደም። ከቆይታ በኋላ ኢንዱማቲ ተነሥታ ጃንጥላውን ወሰደችና ሄዳ ከደረጃው ጀርባ ሸሸገችው። ተመልሳ ሳትቀመጥ ሩዙ ተበትኖ ነበር።

«ስለዚህ የእናቴ ነፍስ ጃንጥላ ትፈራለች ልትዪኝ ነው?»

«ነፍስ አትፈራም። ቁራ ግን ይፈራል። መልእክተኛውን በር ላይ አስደንግጠን መለስነው፤ ከዚያ ላኪዋ ተቆጣች አልን። አንተ ጃንጥላህን ይዘህ ወደኔ ስትወጣ በሩ ተከፈተለት፤ መጣ። እኔ ‹ዝንጀሮ አገባለሁ› ብል እንኳ ይመጣ ነበር!»

«አላምደሻቸው ነው።»

«እሷ ብታላምዳቸው» አለች ማውሺ፣ «ባለፈው ዓመት ያን ሁሉ ፓፓዴን ባልሰረቁኝ! ነው ወይስ ተካፍላችሁ በልታችኋል፣ ኢንዱ?»

ጉሩጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። ኢንዱማቲ ግን ወደ እሳቸው ዞረች። «ጉሩጂ፣ አይተዋል። ቃሉ ፈርሷል በሉ።»

ጉሩጂ አገጫቸውን አሹ። «ልጄ፣ ቃል ቃል ነው። ለሙት የተሰጠ ቃል ደግሞ...»

«ዳዳም እኮ ቃል ሰጥቷል፤ ተክሏን አጠጣለሁ ብሎ። እስከ ዛሬ የሚያጠጣው ማነው? እኔ! የወንድ ቃል ቁራው ስላልበላበት ይቀራል፣ የሴት ቃል ስለበላበት ይጸናል ማለት ነው?»

ዲንካር ወደ ግቢው ተክል አየና ዓይኑን ሰበረ።

«እውነትሽን ነው» አሉ ጉሩጂ በመጨረሻ። «ሰው በራሱ ስም እንጂ በሌላ ሰው ኑሮ ቃል እንዲገባ የሚያዝ ሥርዓት የለም። የሣሩ ቁራ የተደነገገው ለዚሁ ነበር፤ ማንም እንዳይጨነቅ። እዚህ ሰገነት ላይ ይህን እላለሁ። የወንዙ ደረጃ ላይ ግን እኔ የሰው ሁሉ ካህን ነኝ፤ የሰውን ልማድ ልቃወም አልችልም።»

«እውነት ከሰገነት ወደ ወንዙ ደረጃ ስትወርድ ምን ትሆናለች ጉሩጂ? እግሯ ይሰበራል?»

የዚህን መልስ እኔም እስከ ዛሬ ስፈልግላቸው አላገኘሁም። ሥርዓቱ መሐሪ ነበር፤ ሣሩም በእጃቸው ነበር። የጨከነው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሁልጊዜ ልብሱን ከሃይማኖት ይዋሳል።

ኢንዱማቲ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቂጣና የምስር ወጥ ይዛ ወጣች። «ዳዳ፣ እጅህን ታጠብና ብላ። ከሩቅ ነው የመጣኸው። እኔ ግን አልሄድም።»

ዲንካር እጁን ታጠበና በላ፤ ርቦታል። ሲጨርስ ሳይሰናበታት ወረደ፤ ባጃጁም ያመጣችውን ሰው ብቻ ይዛ ተመለሰች።

ደግ ፍጻሜ ይመስላል፤ አይደለም። ቤልዋዲ «ለእናቷ የገባችውን ቃል የበላች» የሚል ስም አወጣላት። ሙሽራ እርድ ስትቀባ ማንም አይጠራትም። የወንድሟ ልጅ ሠርግ ያለሷ ተሠረገ። ፓፓዷን ግን ይገዛሉ። ጥፋተኛ ናት ከሚሏት ሴት እጅ መብላት አልቸገራቸውም።

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አሁን የሰው ዐሥረኛ ቀን መሆኑን ስትሰማ ወደ ደረጃው ትሄዳለች። አንዳንዱ ቤተሰብ ያባርራታል፤ አንዳንዱ «ይቺ ደግሞ የቁራ ዳኛ!» እያለ ይስቅባታል። የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ቃል ከመጠየቃችሁ በፊት ጥቁሩን ነገር አንሡ፣ ቃል የሚገባም በራሱ ብቻ ይግባ።

ባለፈው ሳምንትም ሄዳ ነበር። የአንድ የሸንኮራ ገበሬ ዐሥረኛ ቀን ነው። ቁራ ዘገየ። የሟች ወንድም ወደ ሴቶቹ ወጥቶ አንዲት ወጣት ምራት ፊት ቆመ፤ አስተማሪነቷን ትታ ቤት እንድትቀመጥ ቃል ግቢ ይላታል። «ርቦታል እኮ!» ይላታል። ያው ቃል።

ኢንዱማቲ ከሮቃው ጥላ ወጣች፤ ሴት በማትወርድበት ደረጃ ወረደች። ወንዶቹ «ኧረ ወዴት ነው?» እያሉ አጉረመረሙ። ከሩዙ አጠገብ በጠጠር ተደግፎ የቆመ ጥቁር ጃንጥላ አለ። ጉሩጂ እሷን አዩ፣ ጃንጥላውን አዩ፣ ከዚያ ወንዙን ይመለከቱ ጀመር።

«ጉሩጂ» አለቻቸው፣ ላይ ያለችው ልጅ እንድትሰማ ጮክ ብላ፤ «እኔ ላንሣው ወይስ እርስዎ ያነሡታል?»